ለስልኩ የታጠበ እጅ

እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ያንን ስም የሚሰማው ግን ደመወዝ ሊፈርም ሲጠሩት ብቻ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ውሃልክ» ነው የሚለው። ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ወለል ሲያነጥፍ የውሃልኳ አረፋ ከመሃል የፀጉር ያህል ፈቀቅ ካለች፣ ጠዋቱን ሙሉ የለፋበትን ነቅሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። አሠሪ ይቆጣል፣ ጓደኞቹ ይስቃሉ፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተንበርክኮ ይቀጥላል። የስንቱን ሰው ቤት ዝንፍ የማይል ወለል አልብሶ፣ የራሱ ቤት ወለል እስከዛሬ ደረቅ ሲሚንቶ ነው። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «እንደኔ አጥርቶ የሚያነጥፍ ሰው አጣሁ» ይላል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሚንቶ ሲነካ የኖረ እጅ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው፣ የውሃልክን እጅ ከሩቅ ቢያይ ጓንት ያጠለቀ ይመስለዋል። ቆዳው ወፍሮና ደርቆ ግራጫ ሆኗል፤ በስንጥቁ ውስጥ የገባው ሲሚንቶ በሳሙና አይወጣም። አንድ ጊዜ መታወቂያ ሊያሳድስ ሄዶ፣ ጸሐፊዋ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሥር ጊዜ ካስጫነችው በኋላ «አባቴ፣ እርስዎ አሻራ የለዎትም» አለችው። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ደግነቱ ጸሐፊዋ ብልሃት ታውቅ ነበር። ሁለት ቀን ሥራ አቁሞ፣ እጁን ለብ ባለ ውሃ እየዘፈዘፈ ዘይት እንዲቀባ መከረችው። እንዳለችው አድርጎ ሲመለስ መሣሪያው አሻራውን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ እጁ ሰው ፊት መቅረብ ባለበት ቁጥር በዚሁ ብልሃት ያዘጋጀዋል።

ሚስቱ የሞተችው አንድ ልጃቸው ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ነው። ሌላ አላገባም። ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራ፣ ማታ የልጁን ሸሚዝ አጥቦና ተኩሶ ወደ መኝታ፣ እንዲህ እያለ እንደምንም ፋርማሲስት አደረገው። «እንደምንም» የምትለው ቃል ስትጻፍ አጭር ናት፤ በውስጧ ግን ሁለት የደከሙ ጉልበቶችና እነዚያ እጆች አሉ። ልጁ ሥራ ያገኘው በአውቶቡስ አንድ ቀን በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው።

የተቀያየሙት ልጁ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ነበር። ቁርስ ላይ ተቀምጠው ሳለ አባት ገና አሁን የተቀዳ የሻይ ብርጭቆ አፈፍ አድርጎ አነሳ። የሚፋጅ ነበር፤ ጣቱ ግን አልተሰማውም። ልጁ ይህንን አየና የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ።

«አባዬ፣ በቃህ» አለው። «እጅህን እስቲ እየው። ይሄ እኮ የሰው እጅ አይደለም። ሥራውን ተወው፤ እኔ እጦርሃለሁ።»

ልጁ አዝኖለት ነው የተናገረው። አባት የሰማው ግን «የሰው እጅ አይደለም» የምትለዋን ብቻ ነው።

«ለወግ ለማዕረግ የበቃኸው በዚህ እጅ ነው» አለ። «ነጭ ጋውን ስትለብስ ቀፈፈህ?»

ልጁ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ባስረዳ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ። የቀሩት ሁለት ቀናት አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ አለፉ። የሚሄድ ዕለት አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ እንዲህ አለው፦

«በስልክ ሳወራህ ድምፅህን ብቻ ነው የምሰማው። ደክሞህ ይሁን ተቀይመኸኝ መለየት አልችልም። ፊትህን የማይበት ስልክ ልግዛልህ።»

«ስልክ መግዛት አያቅተኝም» አለ አባት።

ይህችን እንኳን ለስለስ አድርጎ መናገር ይችል ነበር። ሰውየው ወለል ሲያስተካክል ያለው ትዕግሥት ምላሱ ላይ ሲደርስ ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፤ አንተስ?» ከማለት ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም። ውሃልክ በየምሽቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ልጁን ይቅርታ የሚልበትን ቃል ያዘጋጅ ነበር። ስልኩ ሲደወል ያ ቃል የት እንደሚገባ እንጃ።

በመጨረሻ ያችው ጀርባዋ በፕላስተር የታሰረች፣ ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልኩ ቻርጅ አልቀበል አለች። ውሃልክም ጊዜው ደረሰ ብሎ ለብዙ ዓመት አብሮት የሠራውን ቀለም ቀቢ አማከረው። ቀለም ቀቢው ምክር ሲጠየቅ ደስ የሚለው ሰው ነው።

«ሱቅ ስትገባ ሦስት ዓይነት ታያለህ» አለው። «አንዱ እንደ አሮጌዋ ባለ ቁልፍ ነው፤ ፊት ስለማያሳይ እሱን እርሳው። ሁለተኛው ይኸው እኔ የያዝኩት ነው። ወፍራም ነው፣ ዳር ዳሩ ጎማ ነው፣ መልኩ አያምርም። ግን ፊት ያሳያል፣ ባትሪው ሦስት ቀን ይቆያል፣ ከመሰላል ቢወድቅ ምንም አይሆንም። ሲደወል ደግሞ በጎኑ ባለው ቁልፍ ታነሳዋለህ፤ እጅህ ቀለም ይሁን ሲሚንቶ አይጠይቅህም። ሦስተኛው ያ ወጣቱ ሁሉ የሚያብድለት አዲሱ ነው። ሁለመናው መስታወት ነው። እሱ ላንተና ለኔ አልተሠራም።»

«ልጄ የያዘው የቱን ነው?»

«ልጅህ የሚውለው ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ሲሚንቶ አያቦካም።»

«የቱን ነው የያዘው አልኩህ።»

«አዲሱን» አለ ቀለም ቀቢው። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለገባው ብሩሹን አንስቶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ውሃልክ ሞኝ አይደለም፤ ወፍራሙ ስልክ እንደሚሻለው ያውቅ ነበር። ግን ያንን ጎማና ያንን ውፍረት ባየ ቁጥር የገዛ እጁ ትዝ ይለዋል። ልጁ ደውሎ ፊቱን ሲያይ፣ «አሁንም ያው የሲሚንቶ ሰው» እንዲል አልፈለገም። አንድ ጊዜ እንኳን እኩል ሆኖ ሊያናግረው ፈለገ። የልጁ ስልክ መስታወት ከሆነ የሱም መስታወት ይሁን፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ከሥራ ቀረ። ቅዳሜን ሙሉ እጁን ለብ ባለ ውሃ ሲዘፈዝፍ፣ በድንጋይ ሲፈትግና ዘይት ሲቀባ ዋለ። እሑድ ጠዋት ደገመው። ከዚያ ፂሙን ተላጭቶ፣ ልጁ የተመረቀ ዕለት የለበሰውን ሱፍ ለብሶ ወደ ሱቅ ሄደ። ለመታወቂያ ቢሮ የሠራ ብልሃት ለስልክ ሱቅም ይሠራል ብሎ ነው፤ በርግጥም ሠራ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

ሻጭዋ ቀና ልጅ ነበረች። «አባቴ፣ ሥራዎ ምን ላይ ነው? እንደ ሥራዎ እንድመርጥልዎ ነው» አለችው።

«ሕንፃ ላይ» አለ።

ሱፉን፣ የተላጨውን ጉንጩንና በዘይት የወዛውን እጁን አየችና «ኢንጂነር ነዎት?» አለችው።

ዝም አለ። ዝምታው «አዎ» ሆነ። ሊያርማት አፉን ከፈተ፤ ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንጂነር የተባለበት ቀን ስለነበር ትንሽ ልቆይበት አለ።

«እንግዲህ ከሠራተኛው ጋር አቧራ ውስጥ የሚውሉ ከሆነ ይሄ ወፍራሙ ይሻልዎታል» አለች። «ቢሮ የሚውሉ ከሆነ ግን ይሄኛው ያምርብዎታል። ይሞክሩት፤ በጣትዎ ሳብ ያድርጉት።»

ውሃልክ ጠቋሚ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ሳብ አደረገ። ምስሉ ተከተለው። ወደ ግራ ሲለው ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ሲለው ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ በፊት በዚያ ጣት የታዘዘ ነገር ቢኖር ድንጋይና ሲሚንቶ ብቻ ነበር። ልቡ በደስታ ዘለለ።

«ካልተስማማዎት በሦስት ቀን ውስጥ መልሰው በሌላ መቀየር ይችላሉ» አለችው።

«ተስማምቶኛል» አለ።

ሻጭዋ ፎቶ አንስታው ለልጁ እንዲልክ ረዳችው። ብዙ ሳይቆይ መልስ መጣ፦ «አባዬ፣ ሱፍህን ለብሰህ ነው እንዴ? አምሮብሃል። ዛሬ ሥራ ላይ ነኝ፤ ነገ ጠዋት እደውልልሃለሁ። ፊትህን እያየሁ የምነግርህ ነገር አለኝ።»

ውሃልክ ይህችን መልእክት እቤት እስኪደርስ አራት ጊዜ አነበባት። ሊያገባ ነው ብሎ ገመተ። ሴትየዋ ማን ትሆን እያለ፣ ማታውን ሱፉን እንኳ ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ ቆየ። በሰባት ወር ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጠራ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማጣበቂያ እያቦካ ነበር። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሮጠ። የልጁ ፎቶ መስታወቱን ሞልቶታል። እንደተማረው ጣቱን አሳርፎ ሳብ አደረገ። ምንም የለም። ደገመው። ጠንከር አድርጎ ጫነው። የሁለት ቀን ዘይት በሁለት ሰዓት ሲሚንቶ ተበልቶ አልቆ፣ መስታወቱ ጣት መሆኑን እንኳን አላወቀለትም። ቀለም ቀቢው ከወዲያ ማዶ «አነሳኸው?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎ» ብሎ ጀርባውን ሰጠ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

ማታ እጁን ሰዓት ሙሉ ሲያጥብ ቆይቶ፣ እንደምንም ታግሎ ደወለ። ልጁ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ነፃ የሚሆነው አባቱ ሲሚንቶ ውስጥ በሚሆንበት ሰዓት ብቻ ነው። ከጀርባው የደንበኞች ድምፅ ይሰማል።

«አባዬ፣ ለምን አላነሳኸውም?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነበር።»

«አንድ ደቂቃ እንኳን?»

«አንድ ደቂቃ እንኳን።»

ልጁ «እሺ፣ ነገ እሞክራለሁ» አለ።

ምን ነበረበት እውነቱን ቢነግረው? «ስልኩ ጣቴን አልቀበል አለኝ» ቢል ከአራት ቃል አያልፍም። ግን ይህን ማለት ለውሃልክ «እንዳልከው የሰው እጅ አይደለም» ማለት ነበር፤ ለሰባት ወር የተኮራረፈበትን ነገር በገዛ አፉ ማመን ነበር። ማክሰኞም ስልኩ ጠራ፤ ማክሰኞም አላነሳውም። ሰው እንዳያየው ባዶ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ በአውራ ጣቱ፣ በትንሿ ጣቱ፣ በእጁ ጀርባ እየሞከረ በልጁ ፎቶ ላይ የአቧራ መስመር ብቻ አሰመረ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ስልኩን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ሱቁ ድረስ ሄደ። ሦስተኛው ቀን ነበር፤ በወፍራሙ ሊቀይረው ወስኗል። በመስታወቱ በር ውስጥ ያችን ሻጭ አያት፤ ደንበኛ እያስተናገደች ትስቃለች። ከዚያ በዚያው መስታወት ላይ ራሱን አየ፦ ጉልበቱ ላይ የተለጠፈው ጎማ፣ ነጭ የሆነው ቅንድቡ፣ ቱታው። «ኢንጂነር» ያለችው ሰውዬ ይህ ነው። በሩን ሳይነካ ተመለሰ። አንዲት ሻጭ ምን ትለኝ ይሆን ብሎ ስንት ነገር ያበላሸው ሰው እሱ ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም ያን ቀን ያንን በር ገፍቶ ቢገባ ኖሮ ይህን ታሪክ የምናወራው እየሳቅን ነበር።

ሐሙስ ማታ አንድ መላ መጣለት። ቅዳሜ ከሥራ ቀርቶ እጁን እንደገና ሊያዘጋጅ አሰበና ለልጁ ደወለ።

«እሑድ ደውልልኝ» አለው። «እሑድ በደንብ እናወራለን።»

«እሑድ?» አለ ልጁ። ድምፁ ቀዘቀዘ። «እሑድ እንኳን አይመቸኝም። ነገ አንዴ እሞክርልሃለሁ። ነገ እባክህን አንሳው።»

«ነገሩ ምንድን ነው? አሁን ንገረኝ።»

«ፊትህን እያየሁ ነው የምነግርህ፤ ምን እንደሚሰማህ ማየት አለብኝ።»

አባት ይህን ሲሰማ የሰርጉ ቀን ተቆርጦ ይሆናል ብሎ በልቡ ሳቀ። አርብ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር።

ስልኩ የጠራው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሌሎቹ ለምሳ ወጥተዋል። ውሃልክ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን የመታጠቢያ ቤት ወለል እየጨረሰ ነበር። ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ አቁሞታል። ዘይቱን አወጣና ጣቱ ላይ አፈሰሰ፤ ዘይቱ ከሲሚንቶው ጋር ተላቁጦ ጭቃ ሆነ። ሳብ አደረገ፤ መስታወቱ ተጨማለቀ እንጂ አልታዘዘም። በሸሚዙ ጠረገው፣ እንደገና ሞከረ። ጥሪው ተቋረጠ። ወዲያው እንደገና ጠራ። ልጁ ፎቶው ላይ ፈገግ ብሎ ያየዋል። «ጠብቀኝ፣ ልጄ፣ ጠብቀኝ» ይላል ውሃልክ ለመስታወቱ፤ እንደማይሰማው እያወቀ።

ሦስተኛው ጥሪ ሲጀምር ስልኩን በመዳፉ ላይ አስቀምጦ ደረጃውን መሮጥ ጀመረ። ከሚስቱ ሞት ወዲህ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ከዳው፤ በትከሻው ግድግዳውን ተደግፎ ወረደ። በር ላይ ያለው ዘበኛ፣ ዕድሜው አርባ የሚሆን ዝምተኛ ሰው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አንሳልኝ፣ አንሳልኝ» አለው ውሃልክ።

ዘበኛው ተነስቶ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ጥሪው የተቋረጠው በዚያችው ቅጽበት ነው። መልሶ ደወለለት፤ ስልኩ ተዘግቷል። ደግሞ ደወለ፤ ተዘግቷል። ሁለቱም ስልኩን እያዩ ቆመው ሳለ መልእክት ገባ።

«ጋሼ፣ ላንብብልዎ?» አለ ዘበኛው። ውሃልክ ራሱን ነቀነቀ። ዘበኛው ቀስ ብሎ አነበበ፦

«አባዬ፣ ፊትህን እያየሁ ልነግርህ ነበር። ሩቅ አገር ሥራ አግኝቼ ለአምስት ዓመት ፈርሜያለሁ። አሁን አውሮፕላን ውስጥ ነኝ፤ ስልክ ዝጉ እያሉን ነው። ቅር ካለህ ፊትህ ላይ አየዋለሁ፣ ቅር ካለህም እቀራለሁ ብዬ ነበር በዚህ ሳምንት ደጋግሜ የደወልኩት። ስልክህ እየጠራ አንተ እያየኸው እንደማታነሳው ገብቶኛል። አልፈርድብህም። ስለ እጅህ የተናገርኩት ከውስጥህ አልወጣም ማለት ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ዘበኛው አንብቦ ሲጨርስ አንገቱን ደፋ። ውሃልክ አጠገቡ በነበረው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ።

«ምን ብዬ ልመልስልዎ?» አለ ዘበኛው።

«ስልኩ ሲጠራ አይቼሃለሁ በለው» አለ ውሃልክ። «ጣቴን አልቀበል ብሎኝ ነው በለው። ሰኞም ማክሰኞም ዛሬም ስታገል ነበር። አልተቀየምኩህም፤ ሰባት ወር ሙሉ ይቅርታ ልልህ ነበር በለው።»

ዘበኛው ጻፈ። ሊልከው ሲል ውሃልክ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ» አለ።

ልጁ ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ሰው በማያውቅበት አገር ሻንጣውን ይዞ ቆሞ ይህን ሲያነብ ታየው። ጣቱ በምን ምክንያት እንዳለቀ ልጁ አይጠፋውም። የማን ትምህርት ቤት፣ የማን ሸሚዝ፣ የማን ጫማ እንደጨረሰው ያውቀዋል። ልመለስ ይል ይሆናል፤ ባይመለስም አምስት ዓመት ሙሉ ይህን እጅ ተሸክሞ ይኖራል። ውሃልክ ልጁን ብዙ ነገር አሸክሞት ያውቃል፤ ይህንን ግን ሊያሸክመው አልቻለም። ያንን ልጅ ከምንም በላይ የሚያሳርፈው ይኸው እውነት መሆኑ አልታየውም።

«አጥፋው» አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ደግ ቃል ነው።»

«አጥፋው ልጄ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ በሰላም ግባ፣ በለው።»

ዘበኛው ሊከራከረው ፈልጎ ፊቱን አየና ተወው። የጻፈውን አጥፍቶ፣ የታዘዘውን ጽፎ ላከ። ስልኩን ሲመልስለት ውሃልክ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ነበር። ዘበኛው ስልኩን ከረጢቱ ላይ አስቀምጦለት፣ ሰው እንዳይገባ ሄዶ በሩን ዘጋ።

ልጁ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ከአውሮፕላን ወርዶ ስልኩን ሲከፍት ያገኘው መልእክት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም «ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ በሰላም ግባ» ይላል።